በግዢ ውሳኔ ላይ ያለዎት ሥልጣን

ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው የቴክኖሎጂ ፌስቲቫል ምዝገባ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ስሜን ጻፍኩ፤ ኢሜይሌን ጻፍኩ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ግን ቆምኩ። «በመሥሪያ ቤትዎ የግዢ ውሳኔ ላይ ያለዎት ሥልጣን ምን ያህል ነው?» ይላል። ምርጫው ሦስት ነው፦ እወስናለሁ፣ አማክራለሁ፣ አጠናለሁ። «ምንም የለኝም፤ ሮቦት ለማየት ነው የምመጣው» የሚል የለም። ቀይ ኮከብ አለበት፤ ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም።

እኔ አንድ ማውዝ ለማስቀየር ሦስት ፊርማ የማስፈርም ሰው ነኝ። ሁለቱን አግኝቻለሁ። ሦስተኛው ፈራሚ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከገቡ ወራት አልፏቸዋል።

ያኔ ፌስቲቫሉ ሲጀመር ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ምን ሠርተህ ታመጣለህ? ሰው ሽቦ የተንጠለጠለበት ነገር ተሸክሞ ይመጣ ነበር። አንዱ ለዕፅዋት ራሱ ውኃ የሚያጠጣ ማሽን አምጥቶ የጎረቤቱን ጠረጴዛ አጥለቀለቀው። አጨበጨብንለት። ዛሬ እዚያ ቦታ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ከላዩ «ፕላቲኒየም አጋር» ይላል። አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለው የባጅ ማሰሪያ እንኳ ስፖንሰር አለው። ባጁ ላይ ደግሞ ኮድ አለ። ፈገግ ያለች ልጅ ስልኳን ታስጠጋና «አንዴ ላንብቦት?» ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢሜይሌ የእኔ አይደለም።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስጨንቀኝ ነበር። ሞፈሩ ሲቆረጥ ሞኙ የት ነበር? መጥረቢያ እኮ ድምፅ አለው። አሁን ገባኝ። ሞኙ ነጻ ቲሸርት ሊቀበል ተሰልፎ ነበር። ከራሴ ነው ያወቅኩት፤ አሥራ አንድ ቲሸርት አለኝ። አንዱን የሰጠኝ ድርጅት ከስሮ ተረስቷል። ቲሸርቱ ግን እስካሁን ቀለሙ አልለቀቀም።

ስለ ሰልፍ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ሰው አለኝ። ስሙን አላውቀውም፤ መልኩን ግን እስክሞት አልረሳውም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ንግግሩ አልቆ ጥያቄ ሲፈቀድ፣ ማይኩ ጋ ሁለተኛ ተሰልፌ ነበር። እሱ አንደኛ። ማይኩን ያዘና «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» አለ። አስተያየቱ ስለ ራሱ ድርጅት ነበር። ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ፣ ቀጥሎ የት እንደሚደርሱ። ሰዓቱ አለቀ። ጥያቄዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እስካሁን አለችኝ። ስለ እሱ ልጠይቅ የነበረው ቴክኖሎጂ ራሱ ከገበያ ወጥቷል፤ እኔ ግን አልተመለሰልኝም። በኋላ እንደሰማሁት ያ ሰውዬ በዓመቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ሰዓቱን ገዝቶ ነው። ምን አለ መጀመሪያውኑ ገዝቶ ቢሆን?

«ድሮ ንጹሕ ነበር» እያልኩ ለልጆቹ አወራለሁ። ምሳሌዬ ትዊተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ኦስቲን፣ ቴክሳስ በሚካሄደው ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት ፌስቲቫል ላይ ነው የገነነው። በቀን 20,000 ገደማ የነበረው መልእክት ወደ 60,000 ዘለለ። «ያለ ማስታወቂያ፣ ከአፍ ወደ አፍ!» እል ነበር። ለካ መልእክቶቹን ኮሪደር ላይ የሚያሳዩ ትልልቅ ስክሪኖች ለማቆም 11,000 ዶላር ያህል አውጥተዋል። ይህን የተናገረው ከትዊተር መሥራቾች አንዱ ነው። አፌን ያዝኩ። ቢሆንም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ታዳሚው ራሱ የጻፈው ነበር እያልኩ እጽናናለሁ።

እዚያው ኦስቲን በ2012 የሆነው ግን አያጽናናም። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት 13 ቤት የሌላቸው ሰዎችን የኢንተርኔት ማሰራጫ አስይዞ በፌስቲቫሉ ታዳሚ መሀል አቆማቸው። ቲሸርታቸው ላይ ስማቸውና «የ4ጂ ማሰራጫ ነኝ» የሚል ተጽፏል። ገንዘብ አግኝተውበታል፤ ሥራውን የወደዱትም ነበሩ። ይሁን። ታዳሚው ግን ማደሪያ የሌለው ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ «ሲግናሉ ጥሩ ነው» ብሎ ስልኩ ላይ ሲያጎነብስ ሳስበው ያመኛል። ይሄ ቀልድ አይወጣውም።

የግዢ ውሳኔ ሥልጣን የነበረው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? አሜሪካዊው ባለሀብት ሼልደን አደልሰን። እ.ኤ.አ. በ1979 ላስ ቬጋስ ላይ የተጀመረውን ኮምዴክስ የተባለ የኮምፒውተር ትርኢት በ1995 ለጃፓኑ ሶፍትባንክ ሸጡት፤ በ862 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ ትልቅ ሆቴልና ካዚኖ ሠሩ። ትርኢቱ ከ2003 ወዲህ የለም። ካዚኖው ዛሬም ክፍት ነው።

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?» ትለኛለች ባለቤቴ። ከአዳራሹ ጀርባ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ስፖንሰር የማይፈልገው ጥግ አለ። አምና አንዲት ልጅ እዚያ ቁጭ ብላ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታ ነበር። «ሀ» ሲጫን «ለ» ይጽፋል። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ አብረን ስንፈልግ ዋልን። ባጄን አላነበበችውም።

ይህን ሁሉ ስል ቅጹ ጠበቀኝ መሰላችሁ? «ጊዜዎ አልቋል፤ እንደገና ይጀምሩ» ይላል። ቀድሞ ለተመዘገበ የሚሰጠው ቅናሽም አብሮ አልቋል። ስሜን ጻፍኩ። ኢሜይሌን ጻፍኩ። አራተኛው ላይ «እወስናለሁ» የሚለውን ልጫን ስል ማውዙ እምቢ አለ። ሦስቴ መታሁት።