ይድረስ ለክቡር አቶ ስኬጁል፦ መጋቢት 31 እንገናኝ

ቁጥር፦ ሪቪዥን 4
ቀን፦ መጋቢት 31 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ የተከለሰ የሥራ መርሐ ግብር
ከሳይት ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ባሉበት
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ሊደርስ ስላልቻለው የርክክብ ቀን

ጤና ይስጥልን ክቡርነትዎ። ሰማያዊና ቀይ ለብሰው ከግድግዳ ሆነው ሲመለከቱን ስለሚውሉ እንዴት እንደከረምን አንነግርዎትም።

ባለፈው ማክሰኞ ስላዋሉልን ውለታ ግን ሳናመሰግን ብናልፍ ነውር ነው። የወሩ የአፈጻጸም ስብሰባ ነበር። አሠሪው፣ አማካሪው፣ ተቋራጩ፣ የወረዳ ሰዎች፣ ከፊት ወንበር ደግሞ የአካባቢው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ዲዛይን ተምሮ፣ እርሳሱን አስቀምጦ «ፕሮግራም ማናጀር» የተባለ አርክቴክት እርስዎን በፕሮጀክተር ግድግዳ ሙሉ አድርጎ ዘረጋዎት። የመጨረሻው መስመር ላይ «ጊዜያዊ ርክክብ፦ መጋቢት 31 ቀን 2018» ብለው ኮርተው ቁጭ ብለዋል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ አባት ጋቢያቸውን መለስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ መጋቢት የማን አገር ነው? የእኛው እንደሆነ በ30 ነው የሚወጣ» አሉ።

ሳቁ እስከ ግቢው በር ተሰማ። ያልሳቀው ተቋራጩ ብቻ ነው፤ እሱ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ምን ያድርግ? የመዘግየት ቅጣቱ በቀን ከሺህ አንድ ነው፣ ጣሪያው 10 በመቶ። 80 ሚሊዮን ብር በሆነ ውል በቀን 80 ሺህ ብር ማለት ነው። ቀኑ ካልደረሰ ግን ማን ማንን ይቀጣል? መጋቢት 31 ደግሞ እስከ ምጽአት አይደርስም።

31ን ከየት እንዳመጡት ደርሰንበታል። የተሠሩበት ሶፍትዌር የእኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ ሥራው ማርች 31 ቀን 2026 ያልቃል ብሎ ነበር። አንድ ቸኩሎ የነበረ ሰው በኤክሴል ከዓመቱ ላይ 8 ቀነሰ፣ ማርችን መጋቢት አለው፣ ቀኑን ግን እንዳለ ተወው። ትክክለኛው ቀን መጋቢት 22 ነው። 9 ቀን በአንድ ጠቅታ፤ በዚያው ውል ሒሳብ 720 ሺህ ብር። ልዩነቱ ደግሞ በየወሩ 9 ቢሆን እኮ ተላምደነው በኖርን! ዘንድሮ ጃንዋሪ ላይ 8፣ ማርች ላይ 9፣ ጁላይ ላይ 7 ነው። ጳጉሜ 2019 ላይ 6 ቀን ስለምትሆን ከመስከረም 2020 ጀምሮ ለወራት ሁሉም በአንድ ቀን ይሸራረፋል። ጳጉሜን ራሷንማ ከነመኖሯም አያውቋት። መድኃኒቱ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ማተም ነበር፤ አንዲት ኮለን ብቻ ትበቃ ነበር። የኤክሴሏን ቁልቁል ረድፍ ማለታችን ነው፣ እንደ ሕንጻው ምሰሶ ፌሮ የማትጠይቀውን።

ቅዳሜን ዕረፍት ብለው ይዘዋል፤ ሳይቱ ቅዳሜ ይሠራል። ጥር 11፣ 12 እና 21ን ደግሞ የሥራ ቀን አድርገዋቸዋል፤ ማንን ሊያሠሩ አስበው እንደሆነ ስም ዝርዝር ይላኩልን።

ለእነዋሪውም፣ ለሸዋ ሮቢቱም፣ ለደብረ ብርሃኑም ሳይት «የመሠረት ቁፋሮና ሙሌት 10 ቀን» ማለትዎ ለሁሉም እኩል አባት መሆንዎን ያሳያል። የእነዋሪው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ተቆርጦ ወጥቶ፣ ገረጋንቲ 20 ሴንቲ በ20 ሴንቲ እየተደለደለ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ ነው የሚሞላው፤ ሐምሌ ላይ ገረጋንቲ የጫነ መኪና እዚያ ከገባ የሚወጣው በመስቀል ነው።

ልስኑ ሲዘገይ የቀለሙ ቀን ንቅንቅ አይልም። ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ መስመሮችዎን ያያያዘ የለምና።

አሁን ስለ 8:00። ታኅሣሥ ላይ በዕለቱ ዕቅድ «የሶሌታ አርማታ ሙሌት 8:00» ብለው ጻፉ፤ ሶሌታ የፎቁ የአርማታ ወለል ነው። ፎርማኑ እንደ አገሩ ሰው አነበበው፤ ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ሚክሰሩን አስነሳ። እርስዎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለትዎ ነበር። ሙሌቱ ያለቀው በባትሪ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ሙሉ ያን ትኩስ አርማታ ሲልሰው አደረ። አርማታ 3.5 ሜጋፓስካል ገደማ ጥንካሬ ሳይዝ ውሃው በረዶ ከሆነበት፣ በረዶው ከውስጥ ይገፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሞቅም የጠፋው ጥንካሬ አይመለስም። ጠዋት ተሞልቶ የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ፣ ማታ በላስቲክና በጭድ ቢሸፈን ባልደረሰበት ነበር።

ክቡርነትዎ... ይቅር፣ አንተ ልበልህ። ከአርማታው ለሙከራ የተወሰደው ኪዩብ ላብራቶሪ ገብቶ 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ተንደላቆ 28 ቀኑን ይሞላና «ሲ-25 አልፏል»፣ የሚፈለገውን ጥንካሬ ይዟል ተብሎ ማህተም ይመታበታል። ሶሌታው ግን ውርጭ ላይ ነው ያደረው፤ ኪዩቡ ስለ እሱ ምንም አያውቅም። አንተ ግን በ14ኛው ቀን «ድጋፍ ማንሳት» ብለህ በቀይ ጽፈሃል፣ ቀይ ስለሆነም ሁሉም ይሮጣል። ብርድ ላይ አርማታ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ 14 የነበረው 21 እና ከዚያም በላይ ሊሆን ይገባዋል። ሶሌታውን ደግፎ የቆመውን ባሕር ዛፍ የሚነቅሉት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ሲነቅሉም ከሥሩ ቆመው ነው። ሪፖርትህ ላይ ስማቸው የለም። አንድ ቀን ቢወርድባቸው አንተን ከግድግዳ ገንጥሎ የሚከስህ የለም፤ የሚጠየቀው ፊርማው ያለበት አርክቴክት ነው፤ አንተማ በማግስቱ ሪቪዥን 5 ተብለህ ታጥበህ ትመጣለህ። ሲሚንቶ ሲጠፋ አንተ አልዘገየህም። ክፍያ ሰርተፍኬቱ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲንከራተት፣ በየጠረጴዛው ፊርማ ሲለመን፣ አንተ አልዘገየህም። የዘገየው ሁልጊዜ ሰው ነው።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፤ ወደ ማዕረግዎ እንመለስ።

«አፈጻጸም 90 በመቶ» የሚሉት ነገር አራተኛ ወሩን ይዟል፤ ሲወልድ ይጥሩን።

እስከዚያው ያለን ጥያቄ ቀላል ነው። ሪቪዥን 5 ሆነው ሲመጡ ሁለቱን አቆጣጠር ይዘው ይምጡ፤ ሰዓቱ ላይ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ይበሉ፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ድጋፍ የሚነሳበትን ቀን ያራዝሙ፤ የእነዋሪን ቁፋሮ ከሐምሌ ያውጡልን።

ከሠላምታ ጋር
በአንድ መስመር 31 ቀን የተሰጣቸው

ግልባጭ፦
ለጳጉሜ፣ ባለችበት
ለተቋራጩ፣ ማስታወሻው ላይ እንዲያያዝለት
ለእኚያ ባለ ጋቢ አባት፣ ከአክብሮት ጋር