ክዳን የሌለው ጉድጓድ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎካችን በር ላይ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ከጠፋ አራት ወር አለፈው። ምልክቱ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት በጠፋበት ማታ የጎረቤቴ ልጅ እግሩ ገባ። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎት ሲያለቅስ አየሁት። አንጀቴን በላው።

ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ።» ኧረ ስንት ነገ አለ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም ይጠየቅ ይላል። እኔ ግን የሚጠየቀው ማን እንደሆነ እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ።

ከሁሉ ያበሸቀኝ የእኛው ነገር ነው። ለቅሶ ሲሆን እድራችን በአንድ ሰዓት ድንኳን ይተክላል። ለዚህ ጉድጓድ አቤቱታ ፈርሙ ብዬ አርባ በር አንኳኳሁ፤ የፈረሙት ስድስት ናቸው። «የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛ ምን አገባን?» አሉኝ። እንዴት አያገባንም? የወደቀው የእኛ ልጅ ነው! ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዱ ቆሻሻውን በፌስታል ቋጥሮ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲጥል አየሁት። ቅርንጫፉም ወድቋል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ላቆመው እየወረድኩ ነው።