ኪዮቶ ወይስ ጂንቹ? በሩሮኒ ኬንሺን ላይ የተደረገ ክርክር

ሩሮኒ ኬንሺን ኖቡሂሮ ዋትሱኪ የሳለው የሳሙራይ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ነው። ከ1994 እስከ 1999 በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ሲሰበሰብ 28 ቅጽ ሆነ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ 1878 ላይ ይጀምራል። ኬንሺን ሾጉኑን (የጃፓንን ወታደራዊ ገዢ) ለመጣል በተደረገው ትግል ለአብዮተኞቹ ሰው ሲገድል የኖረ ነው። አሁን ግን ስለቱ ወደ ጀርባው የዞረ ጎራዴ ታጥቆ፣ ዳግመኛ ነፍስ ላያጠፋ ምሎ፣ ካገር አገር ይዞራል። ሦስት ትልልቅ ምዕራፎች አሉ፦ ቶኪዮ፣ ኪዮቶ እና ጂንቹ። ቶኪዮ መተዋወቂያው ስለሆነ እሱ ላይ ብዙ ጠብ የለም። ጥያቄው ከቀሩት ሁለቱ የቱ ይበልጣል ነው። የተከታታዩ ሁለት ወዳጆች፣ አንዱ ለኪዮቶ አንዷ ለጂንቹ ቆመው እንዲህ ተከራክረዋል። መጨረሻው ሁሉ እዚህ ስለሚነገር፣ ገና እያያችሁት ያላችሁ ጨርሳችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ለኪዮቶ የቆመው፦

እኔ ሁሌ የምጀምረው ከሳይቶ ሃጂሜ ነው። ሳይቶ በእውን የኖረ ሰው ነው። ለሾጉኑ ይዋጋ የነበረው የሺንሰንጉሚ ጓድ ሦስተኛ ቡድን አዛዥ ነበር፤ ወገኑ ከተሸነፈ በኋላ ስሙን ለውጦ ቶኪዮ ውስጥ ፖሊስ ሆነ። ዋትሱኪ ይህን ሰው አምጥቶ ኬንሺን በተጠጋባት በወጣቷ ካኦሩ ዶጆ (የጎራዴ ማስተማሪያ ቤት) ውስጥ ከኬንሺን ጋር ያፋልመዋል። እስከዚያ ድረስ ኬንሺንን የምናውቀው ልብስ ሲያጥብ፣ ሲስቅ፣ ካኦሩ ስትቆጣው አንገቱን ሲደፋ ነው። ፍልሚያው እየከረረ ሲመጣ ግን ዓይኑ ይቀየራል፣ አነጋገሩ ሳይቀር ይቀየራል፣ ካኦሩም እዚያው ቆማ ሌላ ሰው ሲሆን ታየዋለች። ቶኪዮ ላይ ጂንኤ የሚባል ገዳይ ካኦሩን ሲያግት ትንሽ ቀምሰነው ነበር። እዚህ ግን ማምለጫ የለም። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ኦኩቦ ቶሺሚቺ ደርሶ ባያስቆማቸው ኖሮ አንዳቸው ይሞቱ ነበር።

ኦኩቦ የመጣው ሥራ ይዞ ነው። ሺሺዮ ማኮቶ የሚባል ሰው ኪዮቶ ላይ ጦር እያደራጀ ነው፣ ሂድና አጥፋልን ይለዋል። እንዲያስብበትም እስከ ሜይ 14 ጊዜ ይሰጠዋል። ሜይ 14 ቀን 1878 ደግሞ በእውነተኛው ታሪክ ኦኩቦ ቶኪዮ ውስጥ በሠረገላው ሲሄድ በሳሙራዮች የተገደለበት ቀን ነው። ማንጋው ታሪኩን አልሻረም። ሳሙራዮቹ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የሺሺዮን ሰው፣ ሶጂሮ የሚባለውን ሁሌ ፈገግ የሚል ልጅ ሠረገላው ውስጥ አስገባውና ግድያውን የሱ አደረገው። እውነተኛ ታሪክ ከፈጠራ ጋር እንዲህ የገጠመበት ሾነን (ለወጣት ወንዶች የሚዘጋጅ) ማንጋ ብዙ አላየሁም።

ሺሺዮስ? ኬንሺን ሲያቆም ያንን የገዳይነት ሥራ የተረከበው እሱ ነው። አዲሱ መንግሥት ቆሻሻ ሥራውን አሠርቶት ሲያበቃ፣ ብዙ ምስጢር ያውቃል ብሎ ሊገድለው አቃጠለው፤ እሱ ግን አልሞተም። ሰውነቱ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሎ ተነሳ። ኬንሺን ጎራዴውን ባያስቀምጥ ኖሮ የሚደርስበትን ዕጣ የተቀበለ ሰው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ባላንጣ ከየት ይመጣል?

ለጂንቹ የቆመችው፦

ሺሺዮ ግሩም ባላንጣ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ኬንሺን ሺሺዮን ምንም አልበደለውም። ያቃጠለው መንግሥት ነው። ስለዚህ ኬንሺን ኪዮቶ ሲወርድ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወርደው፤ አገር ሊያድን ይሄዳል፣ እኛም ያለምንም ቅሬታ እናጨበጭብለታለን።

ጂንቹ ላይ ግን የሚመጣበት ሰው እውነት አለው። ዩኪሺሮ ኤኒሺ ገና ልጅ ሳለ እህቱ ቶሞኤ በኬንሺን ጎራዴ ስትሞት በዓይኑ ያየ ነው። ያውም ቶሞኤ የኬንሺን ሚስት ነበረች። እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው አስበው። ኬንሺን ኪዮቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ኪዮሳቶ የሚባል ወጣት ገደለ። ኪዮሳቶ ሊያገባ የተቃረበ ሰው ነበርና መሞት እንቢ ብሎ ሲታገል የኬንሺንን ጉንጭ ቆረጠው። እጮኛው ቶሞኤ ነበረች። ልትበቀል መጣች፣ ለጠላቶቹ ሰላይ ሆነች፣ ከገዳዩ ጋር ኦትሱ በምትባል መንደር እንደ ባልና ሚስት ኖረች፣ ከዚያ ወደደችው። መጨረሻ ላይ በረዶ ውስጥ፣ ኬንሺን ማየት እስኪያቅተው ተጎድቶ ጎራዴውን ሲሰነዝር፣ በመካከል የገባችው እሷ ናት። ጉንጩ ላይ ሁለተኛው ጠባሳ የሷ ነው።

ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ የምናየው መስቀለኛ ጠባሳ ይህ ነው። ይህ ሳይነገርህ ኬንሺን «አልገድልም» ሲል መልካም ሰው ነው ትላለህ እንጂ ነገሩ አይገባህም። ከተነገረህ በኋላ ግን ወደ ኋላ ተመልሰህ ኪዮቶን ራሱን በሌላ ዓይን ነው የምታነበው።

ለኪዮቶ የቆመው፦

የቶሞኤ ታሪክ ከማንጋው ሁሉ ውብ ነው፣ እሱ ላይ አንጣላም። ግን እሱ ትዝታ ነው፤ ጂንቹ ውስጥ ገብቶ ይተረካል እንጂ ጂንቹ ራሱ አይደለም። እንዲያውም በ1999 ለብቻው በአራት ክፍል አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ተሠርቶ ያለ ጂንቹ ቆሟል። ትዝታውን አውጥተሽ የሚቀረውን እይው። ኤኒሺ አምስት ሰው ሰብስቦ ይመጣል፤ ከነሱ ውስጥ የኢኑዪ ባንጂንን ወይ የኦቶዋን ስም ማን ያስታውሳል? ከኪዮቶ ግን አንጂን ጠይቂ። አንጂ ወላጅ አልባ ልጆች የሚያሳድግ መነኩሴ ነበር። አዲሱ መንግሥት ቡድሂዝምን ሲገፋ ቤተ መቅደሱ ከነልጆቹ ተቃጠለበት። ዩሚ ዮሺዋራ በሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር የምትሠራ ሴት ነበረች። በ1872 ቻይናውያን ሠራተኞችን የጫነው የማሪያ ሉዝ መርከብ ጉዳይ በተነሳ ጊዜ መንግሥት እነዚያን ሴቶች ከከብት ጋር አወዳድሮ መናገሩ አንገበገባትና ከሺሺዮ ጋር ሄደች። ሺሺዮ ዙሪያ ያሉት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሜይጂ የተባለው አዲሱ ዘመን ቃል ገብቶላቸው ያልፈጸመላቸው፣ ወይም ጭራሽ የረገጣቸው። ኬንሺን ደግሞ ያንን ዘመን በጎራዴው ያመጣው ሰው ነው። ንጹሕ ሆኖ ወረደ ያልሽው እዚህ ላይ አይሠራም።

ደግሞ ያ የካኦሩ ሞት! ካኦሩ ጎራዴ ደረቷ ላይ ተተክሎ፣ ጉንጯ በመስቀል ተቆርጦ ትገኛለች፣ አንባቢው ሳምንት ከሳምንት ያዝናል፣ ከዚያ ከኤኒሺ ሰዎች አንዱ ጌይን የሠራው አሻንጉሊት ነው ይባላል። ይህ አንባቢን ማታለል ነው። የ2021ዱ ፊልም እንኳ ጂንቹን ሲሠራ ይህን ነገር ትቶታል።

ለጂንቹ የቆመችው፦

ፊልሙ መተዉ ትልቁ ድክመቱ ነው። አሻንጉሊቱን ሲያወጡ አብሮ ምን እንደወጣ ተመልከት። ኬንሺን ካኦሩ ሞታለች ብሎ ካመነ በኋላ የሚሆነውን ነው ያወጡት። ጎራዴውን በሰንሰለት አስሮ፣ ራኩኒንሙራ በሚባል የተጣሉ ሰዎች ሰፈር ገብቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። አይበላም፣ አይናገርም። ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ ሳኖሱኬ ይቆጣል፣ ምንም የለም። በሾነን ማንጋ ውስጥ ዋናው ሰው እንዲህ ለረጅም ምዕራፍ ከታሪኩ ሲወጣ አስበው! ጀግናው ተነስቶ ካልሮጠ አንባቢ ይሄዳል ተብሎ በሚፈራበት መጽሔት ላይ ዋትሱኪ ይህን አደረገ። እኔ ያከበርኩት ያኔ ነው። በሐዘን የተመታ ሰው እንደዚያው ነው የሚሆነው፤ በንግግር አይነሳም።

የሚነሳውም እንዴት እንደሆነ እይ። ያሂኮ፣ ያ የካኦሩ ተማሪ የሆነው ትንሽ ልጅ፣ ከኤኒሺ ሰዎች አንዱ የሆነውንና ከተማው ውስጥ መሣሪያ ይዞ ያበደውን ኩጂራናሚን ብቻውን ይገጥማል። ኬንሺን የተነሳው ሱባሜ የምትባል ልጅ መጥታ ያሂኮን አድንልኝ ብላ ስታለቅስ ነው። ከፊቱ የሚድን ሰው ስለነበረ ብቻ።

ስለነዚያ አምስቱ ደግሞ፣ ኩጂራናሚን ለምን ዘለልከው? በቶባ ፉሺሚ ጦርነት ላይ ኬንሺን እጁን ቆርጦት፣ እንደ ሳሙራይ ግደለኝ ብሎ ሲለምነው፣ አዲሱ ዘመን እየመጣ ነው ኑር ብሎ ጥሎት የሄደ ሰው ነው። ያ አዲስ ዘመን ለኩጂራናሚ አልመጣም። አንድ እጅ ያለው ሳሙራይ፣ ሳሙራይ በሌለበት አገር ውስጥ ቀረ። ኬንሺን ምሕረት ብሎ ያደረገው ነገር ሰውየውን እንዴት እንደጨረሰው የሚያሳይ እንዲህ ያለ ሰው ኪዮቶ ውስጥ አለ?

ለኪዮቶ የቆመው፦

አለ። ሶጂሮ አለ። ኬንሺን ለሶጂሮ ያደረገው ነገር የለም፣ ጥፋቱም ይኸው ምንም አለማድረጉ ነው። ልጁ በሩዝ ነጋዴ ቤት እየተደበደበ ያደገ ነው። ሲመቱት ፈገግ ካለ ይሰለቻቸውና ይተዉታል፣ ስለዚህ ፈገግ ማለት ለመደ። ሺሺዮ ከፖሊስ ሸሽቶ እዚያ ግቢ ሲደበቅ ምግብ ያመላለሰለት እሱ ነበር። ሺሺዮ አጭር ጎራዴ ሰጠውና ጠንካራ ይኖራል ደካማ ይሞታል አለው። ቤተሰቡ ሊገድለው በመጣ ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሁሉንም ገደላቸው። እንግዲህ ኬንሺን ደካሞችን እጠብቃለሁ ሲለው ሶጂሮ የሚመልሰው ምንድን ነው? ታዲያ ያኔ ለምን አልጠበቅኸኝም ነው። ኬንሺን ለዚህ መልስ የለውም። ማንም የለውም! ካሸነፈው በኋላ እንኳ እኔ ትክክል ነኝ አላለውም፤ መልሱን ራስህ ኖረህ ፈልገው ነው ያለው። ሶጂሮም እንደ ኬንሺን መንገደኛ ሆኖ ሄደ።

ኬንሺን ራሱም የተለወጠው ኪዮቶ ላይ ነው። ጎራዴው በሶጂሮ ተሰብሮ፣ ሸክላ እየሠራ ተራራ ላይ ወደተቀመጠው መምህሩ ወደ ሂኮ ሴይጁሮ ተመልሶ፣ የመጨረሻውን ጥበብ ሲማር ያገኘው ነገር መኖር እፈልጋለሁ የሚለው ነው። እስከዚያ ሌላውን ለማዳን ራሱን እንደ ዕቃ ነበር የሚጥለው። ጂንቹ ይህንኑ ትምህርት ይደግመዋል።

ለጂንቹ የቆመችው፦

አይደግመውም፣ ይፈትነዋል። መኖር እፈልጋለሁ ማለት የምትኖርላት ሴት ቶኪዮ ውስጥ እየጠበቀችህ ሳለ ይቻላል። እሷ ከሞተችስ?

የኪዮቶን መጨረሻ ደግሞ በደንብ አስበው። ሺሺዮን ኬንሺን አልገደለውም። ሰውነቱ ላብ የማያወጣ ስለሆነ ከ15 ደቂቃ በላይ መፋለም አይችልም ተባለ፣ ጊዜው አለፈ፣ ሙቀቱ ራሱን በእሳት በላው። መሐላው በዚህ ነው የተረፈው። ኬንሺን ላለመግደል ምሎ የማይቆም ሰው ሲገጥመው ምን ያደርጋል የሚለው ትልቁ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ ማለት ነው፤ ደራሲው መልሱን ከኬንሺን እጅ ወስዶ ለእሳት ሰጠው። ኤኒሺ ግን አይቃጠልም፣ ጊዜው አያልቅም። ፊት ለፊት ቆሞ እህቴን ገድለሃል፣ እንዴት ትክሰኛለህ ይላል።

ለኪዮቶ የቆመው፦

ሺሺዮን እሳት ገደለው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ማቆም ይችል ነበር። ዩሚ መካከል ገብታ ስትለምን እሷን አሳልፎ ነው ኬንሺንን የወጋው። ዩሚም ደስ ብሏት ሞተች፤ እስከዚያ በጎራዴ ጠቅማው አታውቅም ነበርና። ያ ሰው የሞተው በራሱ እምነት ነው። ጠንካራው ይኖራል ካለ፣ እስከ መጨረሻው ጠንካራ ሆኖ መታየት ግዴታው ነበር። ይህን ዕጣ ነው ብሎ ማሳነስ ይከብደኛል።

ኤኒሺስ ምን መልስ አገኘ? ኬንሺን ዓይኔ የሚያያቸውን ሰዎች እስከ ዕለተ ሞቴ አድናለሁ አለው። ለሶጂሮም ያለው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለጂንቹ የቆመችው፦

ልዩነቱ ኤኒሺ ይቅር አለማለቱ ነው። የካኦሩን ሕይወት እንኳ ያተረፈው ሩህሩህ ስለሆነ አይደለም፤ የእህቱ ሞት ስለማይለቀው ወጣት ሴት መግደል አይችልም። ሲሸነፍም ከኬንሺን ጋር አይታረቅም። የቶሞኤ ማስታወሻ ደብተር ይደርሰዋል፣ ይዞት ራኩኒንሙራ ይገባል፣ በቃ። ኬንሺን ካኦሩን አግብቶ ልጅ ወልዶ ሲኖር ኤኒሺ የትም አልደረሰም። ዋትሱኪ ይህን ቁስል ከፍቶ መተዉ ትክክል ነው። የሞተችው እህቱ ናት፤ ይቅርታውን ማንም ሊሰጥለት አይችልም።

ደግሞ ብዙ ሰው ኪዮቶ ይበልጣል የሚልበትን ምክንያት አንተም ታውቀዋለህ። የ1996ቱ አኒሜ 95 ክፍል ነበረው፣ ኪዮቶን 62ኛው ላይ ጨርሶ የቀረውን ማንጋው ውስጥ በሌለ ታሪክ ሞላው፣ ጂንቹን ሳይነካ ቆመ። በ2001 የመጣው ደግሞ ጂንቹን በሁለት ክፍል ጠቅጥቆ፣ ማንጋው ያላለውን፣ ኬንሺን ታሞ ካኦሩ እቅፍ ውስጥ ሲሞት አሳየ። በ2023 እንደ አዲስ የተጀመረውም በ2024 ገና ኪዮቶ ላይ ነው የደረሰው። ሰው ያላየውን እንዴት ያወዳድራል? ከ18ኛው ቅጽ ወዲያ ያለውን ያነበበ ሰው ይከራከረኝ።

ለኪዮቶ የቆመው፦

እኔ እስከ 28 አንብቤዋለሁ፣ የምከራከርሽም ለዚያ ነው። አዲሱ አኒሜ ጂንቹን ሙሉውን፣ ራኩኒንሙራንም ሳይቆርጥ ቢሠራው ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ፤ ያኔ ሁሉም ሰው አይቶ ይፈርዳል። የኔ ፍርድ ግን ሶጂሮ ላይ ነው። ለምን አልጠበቅኸኝም የሚለውን ጥያቄ የጠየቀው ኬንሺን ፈጽሞ ያልበደለው ልጅ ነው። ለበደሉት መካስ ከባድ ነው፣ ቢሆንም ለማን እንደምትክስ ታውቃለህ። ለሶጂሮ ግን የሚክሰው ማን ነው?

ለጂንቹ የቆመችው፦

ማንም የለም። እሱም ስለዚያ ተነስቶ መንገዱን ሄደ። ኤኒሺ ግን የሚክሰው ሰው ነበረው፤ ያ ሰው ፊቱ ቆሞ፣ ሁሉንም አምኖ፣ አሁንም አልበቃውም። እኔን ከዚህ ታሪክ ጋር ያስቀረኝ ይኸው ነው።