እርማት፦ በርድስ በራሳቸው አልበም ላይ ተጫውተዋል

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካው የሮክ ቡድን ስለ ዘ በርድስ «በመጀመሪያ አልበማቸው ላይ አንድም መሣሪያ አልነኩም፤ ሁሉንም የስቱዲዮ ቅጥረኞች ናቸው የተጫወቱት» ብለሃል። ወሬው የቆየ ነው፤ ግን ከእውነቱ ላይ ቆንጥሮ የቀረውን የጣለ ወሬ ነው።

ቅጥረኞቹ የተጫወቱት ከ12ቱ ዘፈኖች በሁለቱ ብቻ ነው፦ በ«ሚስተር ታምቡሪን ማን» እና በዚሁ ዘፈን ነጠላ ሸክላ ጀርባ በወጣው ዘፈን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1965 ሆሊውድ ውስጥ ሲቀረጹ፣ ፕሮዲውሰሩ ቴሪ ሜልቸር ልጆቹን ስላላመነ ሃል ብሌንን ለድራም፣ ላሪ ኔክተልን ለቤዝ ጊታር አስጠራ። ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ የቡድኑ ድራም መቺ ማይክል ክላርክ መሣሪያ አጥቶ በካርቶን ላይ ይለማመድ ነበር፤ ክሪስ ሂልማንም ከማንዶሊን ወደ ቤዝ የተሻገረው በቅርቡ ነው።

ያኔም ቢሆን በመግቢያው ላይ የሚንቆረቆረውን ባለ 12 ክር ሪከንባከር ጊታር የተጫወተው የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ማክጊን ራሱ ነው። ያዜሙትም እሱ፣ ጂን ክላርክና ዴቪድ ክሮስቢ ናቸው። የቀሩትን 10 ዘፈኖች ከድራም እስከ ጊታር የተጫወቱት አምስቱ የቡድኑ አባላት ናቸው፤ ያ በካርቶን ሲለማመድ የነበረው ክላርክም ጭምር። አልበሙ በዚያው ዓመት በጁን ወጣ።