ለዩሮፓ ሮኬት አያስፈልገንም

ሱሉልታ ላይ ቁጭ ብለህ ስለ ጁፒተር ጨረቃ ስለ ዩሮፓ ብታወራ መልሱ ይታወቃል፦ «ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን ምን አገባን?» እውነት አላቸው። ግን ወሬው ወዲያው «መንኩራኩር እንሥራ፣ አንሥራ» ወደሚለው ክርክር ይዞራል። እሱ ሰልችቶኛል። መነጋገር ያለብን መንኩራኩሮች ስለሚልኩት ዳታ ነው።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችውን መንኩራኩር ያመጠቀው ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። ሰው አልባ ናት። ጁፒተር ጋ የምትደርሰው ሚያዝያ 2022 ላይ ነው። ዩሮፓ በረዶ የለበሰች ጨረቃ ናት። ከበረዶው ሥር የምድር ውቅያኖሶችን እጥፍ የሚያህል ውሃ እንዳለ ይገመታል።

በዕቅዱ የገረመኝ የተተወው ነገር ነው። ዩሮፓን እየዞሩ ማጥናት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን በጁፒተር ዙሪያ ያለው ጨረራ ኤሌክትሮኒክሱን ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ክሊፐር የምትዞረው ጁፒተርን ነው። ወደ ዩሮፓ ብቅ ትላለች፣ በራዳር በረዶውን ትፈትሻለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ከዚያ ከጨረራው ሸሽታ ዳታውን ትልካለች። ይህንን 49 ጊዜ ያህል ትደጋግመዋለች። አንዳንዴም እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ትጠጋለች።

ደግሞ የምትሄደው ሕይወት ልትፈልግ አይደለም። ቦታው ለሕይወት ይመች እንደሆነ ልታይ ነው። ዜናው ላይ ይህ ይጠፋል። ውሃ ስላለ ብቻ ሕይወት አለ ማለት እንዳልሆነ የእኛው ዳሎል ይመሰክራል፦ በ2012 ዓ.ም የታተመ አንድ ጥናት እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑ ኩሬዎቹ ውስጥ ሕያው ነገር አላገኘም።

የእኛ ድርሻ ታዲያ ምንድን ነው? ናሳ የሚመጣውን ዳታ አጣርቶ ለማንም በነጻ ይለቃል። ፓስፖርት አይጠይቅም። ዳታ ደግሞ ቶሎ አያረጅም። ጋሊልዮ የተባለችው መንኩራኩር በ1990 ዓ.ም በዩሮፓ አጠገብ ስታልፍ የለካችውን ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና አዩት። ከጨረቃዋ ወደ ላይ የሚረጭ ውሃ ምልክት አገኙበት። አዲስ መንኩራኩር አልላኩም፤ የቆየውን ፋይል ነው የከፈቱት።

እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ደስ ይላል። የከተማው መብራት በየዓመቱ እየተጠጋቸው መሆኑ ግን ያሳስባል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅም አጨብጭበናል። ከጭብጨባው በኋላ የሚያስፈልገው ዳታ የሚያነብ ሰው ነው። የሳተላይት ምስል ማንበብ የለመደ ልጅ ነገ እርሻና የውሃ ተፋሰስ ላይም ይሠራበታል። ለፈረቃው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይኼው ነው።

ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ያለ ተማሪ የክሊፐር ዳታ መምጣት ሲጀምር ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እስከዚያ በጋሊልዮ ፋይሎች ይለማመድ። ለአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት፣ ከክፍል በኋላ አብሮ የሚቆይና አበል የሚከፈለው አንድ የፊዚክስ መምህር ይበቃል። ከሱሉልታ ትምህርት ቤቶች በአንዱ በመጪው መስከረም ቢጀመር ምን ይከለክላል?