እናታቸው መሆኔን ለስንቱ ላስረዳ?

ባለቤቴ የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ከማስተማር የሚያርፍበትን የአንድ ዓመት የሳባቲካል ፈቃድ ሲሰጠው፣ ዓመቱን ከልጆቻችን ጋር ከአገር አገር እየተዘዋወርን ለማሳለፍ ወስነን ከምንኖርባት ከአሜሪካዋ ሜሪላንድ ተነሣን። ወዳጅ ዘመድ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ሕመምና ስለ ወጪ አስቀድሞ ሲያስጠነቅቀን ነበር፤ ያንን ሁሉ እንደ ምንም ተወጥተነዋል። ማንም ያልነገረንና እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም አንድ ቤተሰብ መሆናችንን በየአየር ማረፊያው፣ በየኤምባሲው፣ አንዳንዴም በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ማስረጃ እየዘረገፍን የምናስረዳ መሆናችን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስማችን ነው። እኛ ዘንድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። እንበልና ባል አበበ ከበደ፣ ሚስት አልማዝ ታደሰ ቢባሉ፣ ልጃቸው ሜሮን አበበ ትባላለች። ለእኛ ከዚህ የጠራ ነገር የለም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ባለው ቅጽ ላይ ሲሰፍር ግን አባት ከበደ፣ እናት ታደሰ፣ ልጅ አበበ ይሆኑና በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩት ሰዎች በወረቀት ላይ እርስ በርስ የማይተዋወቁ መንገደኞች ይመስላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሳይቀር ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰውን አጠራር አልተወም፤ እኔም አልፈርድበትም።

ባለቤቴ ለሥራው ቀድሞን በሄደበት ጊዜ ሁሉ ከልጆቹ ጋር ብቻዬን ድንበር መሻገር ይደርስብኛል። የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ የእኔን ፓስፖርት አንድ ጊዜ፣ የልጆቹን አንድ ጊዜ እያየ ቅንድቡን ይሰበስባል። ከዚያም ወደ ትንሹ ልጄ ጎንበስ ብሎ «ይህች ሴት ማን ናት?» ይለዋል። ልጁ ቀሚሴን ይዞ ከኋላዬ ይደበቃል፤ የማያውቁት ሰው ሲያናግረው ዝም እንዲል ያስተማርኩት እኔው ነኝና! የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ባለቤቴ ልጆቹ ከእኔ ጋር እንዲጓዙ መፍቀዱን የሚገልጽ በኖታሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) የተረጋገጠ ደብዳቤ ከፋይሌ አወጣለሁ። ሕፃናት በወላጅም ሆነ በባዕድ ተሰርቀው ከአገር እንዳይወጡ የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑን አውቃለሁና ጥያቄውን አልቃወምም። የሚያበሳጨኝ አንዱ ያመነበትን ደብዳቤ ሌላው «ይህ በቂ አይደለም» ብሎ ሲመልሰው፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ደግሞ ልጅ ሰርቃ የተያዘች ሴት እንደሚያይ ሁሉ ሲያፈጥብኝ ነው።

በዚህ ላይ የፓስፖርቱ ጣጣ ተጨምሮበታል። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል፤ ልጆቹም እዚያው ስለ ተወለዱ አሜሪካውያን ናቸው። እኔ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ እጓዛለሁ። እነርሱ በአንድ ቪዛ ወደሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ወደ ሸንገን አገሮች፣ ያለ ቪዛ ገብተው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። በእኔ ላይ ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ያጠበቀው መመሪያ ይሠራል። የቪዛ ማመልከቻው መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም መስጠት ቀርቷል። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመቀበል ረገድ የኢትዮጵያ መንግሥት በበቂ ሁኔታ አልተባበረም የሚል ነው። መንግሥታቱ ባልተስማሙበት ጉዳይ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሙዚየም ለማየት የወጣች ሴት ምን አድርጋ ነው የምትቀጣው?

ውጤቱን ልንገራችሁ። ከፓሪስ በባቡር ወደ ለንደን ተሻግረን የእኔን አክስት ከጠየቅን በኋላ ወደ ጀርመን ለመመለስ አስበን ነበር። የእኔ የሸንገን ቪዛ የሚያስገባው አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሸንገን ውጭ ወዳለችው ለንደን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ ባለቤቴና ልጆቼ ሄደው የእኔን አክስት ጠየቁልኝ፤ እኔ ፓሪስ ቀረሁ። አክስቴ በስልክ «እናንተ ሰዎች ተጣልታችኋል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ማስረዳቱ ከቪዛው ቃለ መጠይቅ የባሰ ሆነብኝ።

ናይሮቢ ላይ ነገሩ ተገልብጦ አየሁትና፣ ክፉ አትበሉኝና፣ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ኬንያ ለእኛ ቪዛ ስለማትጠይቅ እኔ እንዲሁ ስገባ አሜሪካውያኑ አስቀድመው ገንዘብ ከፍለው የኤሌክትሮኒክስ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ነበረባቸው። ቦሌ ስንደርስ ግን ደስታው ጠፋ። በገዛ አገሬ ልጆቼ ወይ ቪዛ፣ ወይ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ መያዝ አለባቸው፤ መታወቂያውን ለማውጣት ደግሞ ትውልዳቸው ከእኛ መሆኑን እንደገና በሰነድ ማስረዳት ሊኖርብን ነው።

ምክር የሚለግሱኝ አልጠፉም። አንዳንዶቹ «እንደ ፈረንጆቹ የባልሽን ስም ውሰጂና ተገላገዪ» ይሉኛል። የባሌ መጨረሻ ስም የአባቱ ስም ነው፤ ልጆቼ የሚጠሩት ደግሞ በራሱ በባሌ ስም ነው፤ ስለዚህ ብወስደውም ከልጆቼ ጋር አልገጥምም፤ የምገጥመው ከባሌና ከአባቱ ስም ጋር ብቻ ነው። ሌሎቹ «ዜግነትሽን ለምን አትቀይሪም?» ይላሉ። አንደኛ ነገር፣ ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ መውጣት ለዜግነት የሚቆጠረውን ተከታታይ የነዋሪነት ጊዜ ያቋርጣል ተብሎ ስለሚገመት ይኸው ጉዟችን ራሱ ወደ ኋላ ይጎትተኛል፤ ዓመት ካለፈኝ ደግሞ ግሪን ካርዱ ብቻውን ስለማያስመልሰኝ ሳንነሣ የመመለሻ ፈቃድ ጠይቄ አሻራ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። ሁለተኛ፣ የዜግነት አዋጃችን ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የአሜሪካን ፓስፖርት በያዝኩ ቀን የኢትዮጵያን አጣለሁ፤ ቦሌ ላይም ከባሌና ከልጆቼ ጋር በአንድ ሰልፍ መቆም የምችለው እንደ እነርሱ የውጭ ዜጋ ሆኜ ነው። ያንንም አድርጌ፣ ባለቤቴ ሳይኖር ከልጆቹ ጋር ድንበር በምሻገርበት ቀን ሠራተኛው የእኔንና የልጆቼን ስም አይቶ ቅንድቡን መሰብሰቡና የልደት ምስክር ወረቀቱን መጠየቁ አይቀርም።