እርማት፦ ይግባኝ ማለት «እንደገና ይታረምልኝ» ማለት አይደለም

«የክሊኒካል ልምምድ ውጤትሽ ካላስደሰተሽ ይግባኝ በይ፣ ሌላ መምህር እንደገና ያርመዋል» ብለሽ ለነርሲንግ ተማሪዋ የሰጠሻት ምክር፣ እህቴ፣ ከቅን ልብ ቢሆንም ልክ አይደለም። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች «የተሻለ ይገባኝ ነበር» ማለት ብቻውን የይግባኝ ምክንያት አይሆንም። ይግባኝ የሚያስኬደው በዋናነት የሂደት ግድፈት ነው፦ የአጋማሽ ግምገማ ሳይደረግ ከቀረ፣ ነጥቡ በስህተት ከተደመረ፣ አድልዎ መኖሩን የሚያሳይ ነገር ካለ፣ ወይም እንደ ሕመምና ሐዘን ያለ ችግር በበቂ ምክንያት ሳይነገር ከቀረ። ይህም በጽሑፍ፣ ከነማስረጃው፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ። (ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ጥሩ መከራከሪያ ይዞ በዚህ የሚወድቅ አለ።)

ደግሞ በልምምዷ ላይ በዋርድ (ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል) ውስጥ ታካሚን የሚጎዳ ነገር ያየች ተማሪ «ውጤቴ እስኪወጣ ልቆይ» ማለት የለባትም። ያ ይግባኝ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ወዲያውኑ ለተቆጣጣሪዋ ነርስ ወይም ለልምምድ አስተባባሪዋ ይነገራል። ችግሩ ያለው ራሷ ተቆጣጣሪዋ ጋ ከሆነ ከእሷ በላይ ላለው ኃላፊ ታሳውቅ። ያየችውን ከነቀኑና ሰዓቱ ትጻፈው፤ የታካሚውን ስም ግን በግል ማስታወሻዋ ላይ አታስፍር።